ጀሪካኑን ማን ይመርምረው?

ከአንኮበር ቁልቁል በአልዩ አምባ ገበያ በጠገራ ብር ይገበያዩ የነበሩት የጥንት ነጋዴዎች ሞኞች አልነበሩም። የማርያ ትሬዛን ብር ሲቀበሉ እያገላበጡ ያዩታል፤ በንግሥቲቱ ራስ ጌጥ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች ይቆጥራሉ፤ ዕንቁዎቹ ጥርት ብለው ካልታዩዋቸው ብሩን ለባለቤቱ ይመልሳሉ። ፊደል የቆጠረው ጥቂት በሆነበት በዚያ ዘመን የገበያው ሰው የራሱ የጥራት መቆጣጠሪያ ነበረው ማለት ነው።

ዛሬ የእነዚያ ነጋዴዎች የልጅ ልጅ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አረቄ ሲረከብ ምን ይቆጥራል? ያሸታል፤ ይቀምሳል፤ አንዳንዱም ጠብ አድርጎ ክብሪት ይጭርበታል። ከነደደ "ጠንካራ ነው" ብሎ ሒሳቡን ይከፍላል። ውድ አንባብያን፣ የዛሬው ጽሑፌ መነሻ ይኸው ክብሪት ነው። ምክንያቱም ሰው የሚያሰክረው አልኮል እንደሚነድ ሁሉ ሰው የሚገድለውም አልኮል ይነዳል።

የሚገድለው አልኮል ስሙ ሜታኖል ይባላል። ቀለም በሌለው መልኩም ሆነ በሽታው ከምንጠጣው አልኮል (ከኤታኖል) ጋር መንታ ወንድማማች ይመስላል። በምላስም ለይቶ የሚያውቀው የለም። ሥራው ግን ሌላ ነው፤ በቲነር፣ በቫርኒሽ፣ በመኪና መስታወት ማጠቢያና በልዩ ልዩ የኢንዱስትሪ ኬሚካሎች ውስጥ ይገባል። የመጠጥ ታክስ ስለማይከፈልበት በብዙ አገር ከመጠጥ አልኮል ይረክሳል። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ጉዳዩ ከሐኪም ገጽ ወጥቶ ወደዚህ የገበያ ገጽ የሚመጣው። ሁለት ዕቃ አንድ ዓይነት መስሎ ዋጋው ሲለያይ በመካከሉ ገብቶ ልዩነቱን ወደ ኪሱ የሚከት ሰው አይጠፋም።

በቅድሚያ ግን አንድ ስሕተት ይታረም። በከተማው ወሬ "ሴትዮዋ አረቄውን በደንብ ስላላወጣችው መርዝ ሆነ" ሲባል ይሰማል። ጌሾና ብቅል ጠንስሳ፣ ድፍድፏን በማሰሮ ጥዳ፣ በቱቦ እያቀዘቀዘች ጠብታ በጠብታ የምታጠራቅም የደብረ ብርሃን ወይም የመንዝ እናት የምትሠራው ከእህል ነው። ከገብስ፣ ከስንዴ፣ ከበቆሎ ወይም ከማሽላ የሚወጣ መጠጥ በተፈጥሮው የሚይዘው ሜታኖል እጅግ ጥቂት ነው፤ ሜታኖል በብዛት የሚገኘው እንደ ፍራፍሬ ያለ ነገር ሲፈላ ነው፤ ያም ቢሆን ብዙ ሕዝብ የሚፈጀው ከስንት አንዴ ነው። በዓለም ላይ ብዙ ሰው የጨረሱ አደጋዎች ሲመረመሩ በአብዛኛው የተገኘው መጠጡ ከተሠራ በኋላ የተጨመረ፣ ወይም ከነጭራሹ በመጠጥ ስም የተሸጠ የፋብሪካ ሜታኖል ነው። ስለዚህ ጣታችንን መቀሰር ያለብን ወደ ማሰሮው ሳይሆን ከማሰሮው እስከ መለኪያው ባለው መንገድ ላይ ነው። "ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ" ይባል የለ?

አሁን ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። ንጹሕ ሜታኖል 10 ሚሊ ሊትር ያህሉ ዓይን ሊያጠፋ፣ 30 ሚሊ ሊትር ያህሉ ደግሞ ነፍስ ሊያጠፋ ይችላል፤ መጠኑ እንደ ሰዉ ይለያያል። አንድ መለኪያ 50 ሚሊ ሊትር ይይዛል ብለን እናስብ። አንድ አጭበርባሪ በ20 ሊትሩ ጀሪካን ውስጥ 4 ሊትር ሜታኖል ቢቀላቅል ከመጠጡ አምስተኛው እጅ መርዝ ሆነ ማለት ነው። ከዚያ ጀሪካን ሦስት መለኪያ የጠጣ ሰው 30 ሚሊ ሊትር ሜታኖል ወደ ሆዱ ገብቷል። ጀሪካኑ 400 መለኪያ ይወጣዋል። አጭበርባሪው ያተረፈው የአራት ሊትር የዋጋ ልዩነት ሲሆን ለአደጋ ያጋለጠው ግን አንድ ሰፈር ሙሉ ነው። በኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት "የግል ትርፍና የማኅበራዊ ወጪ አለመመጣጠን" እያሉ ሲያስተምሩን ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አልሰጡንም።

ሰውየው ወዲያው ቢወድቅ ኖሮ ገበያው ራሱን ያርም ነበር። ሜታኖል ግን ጊዜ ይሰጣል። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ጉበትን እንደ ወፍጮ ቤት እንየው። ሜታኖል በራሱ ያን ያህል አደገኛ አይደለም፤ መርዝ የሚሆነው በጉበት ወፍጮ ተፈጭቶ መጀመሪያ ፎርማልዴሃይድ፣ ቀጥሎ ፎርሚክ አሲድ ሲሆን ነው። ይህ አሲድ የሰውነት ሕዋሳት በኦክስጅን እንዳይጠቀሙ ያደርጋል፤ የዓይንን ነርቭ ይጎዳል፤ ደምን ያኮመጥጣል። ወፍጮው ግን ደንበኛ ያበላልጣል፤ ኤታኖልና ሜታኖል አብረው ከመጡ ቅድሚያ የሚሰጠው ለኤታኖል ነው። በተቀላቀለ አረቄ ውስጥ ያለው ደህናው አልኮል እስኪያልቅ ድረስ መርዙ ተራውን ይጠብቃል። ስለሆነም ጠጪው በደህና ጠጥቶ፣ በደህና ተኝቶ፣ በማግስቱ ሱቁን ከፍቶ ሊውል ይችላል። ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሲሆን ከሌላ አልኮል ጋር ከተጠጣ ከዚያም ሊዘገይ ይችላል።

ምልክቶቹን ነጋዴው፣ ደላላውና ባለ አረቄ ቤቱ እንደ ምንዛሪ ተመን ሊያውቋቸው ይገባል። መጀመሪያ የማታ ስካር ርዝራዥ ይመስላል፤ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ማዞር። ልዩነቱ ግን ስካር እያደር ይለቃል፤ ይህኛው እያደር ይብሳል። ቀጥሎ ዓይን ይደበዝዛል፤ ሕመምተኛው ነገሩን ሁሉ በነጭ መጋረጃ ውስጥ፣ እንደ አንኮበር የጧት ጉም አድርጎ ያየዋል። ብርሃን ዓይኑን ይወጋዋል። ትንፋሹ ፈጣንና ጥልቅ ይሆናል፤ ሳይሮጥ ዳገት የወጣ ሰው ይመስላል፤ ደሙ ስለኮመጠጠ ሰውነቱ አሲዱን በትንፋሽ ሊያስወጣ እየታገለ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው መንቀጥቀጥ፣ ራስን መሳትና ሞት ነው። በሕይወት ቢተርፍም ዓይኑ ላይመለስ ይችላል።

መድኃኒቱ አለ። አዲስ ነገርም አይደለም። ሐኪሞች የሚያደርጉት ወፍጮ ቤቱን መዝጋት ነው። ይህን የሚያደርገው አንዱ መድኃኒት ፎሜፒዞል ይባላል፤ የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል፤ ዋጋው ግን ውድ ነው። ሁለተኛው ርካሹ ሲሆን፣ ለመድኃኒትነት የተዘጋጀ ራሱ ኤታኖል ነው፤ ተለክቶ ሲሰጥ ወፍጮውን ስለሚይዘው ሜታኖሉ ሳይፈጭ በሽንትና በትንፋሽ ቀስ እያለ ይወጣል። የደሙን አሲድ ለማርከስ ሶዲየም ባይካርቦኔት ይሰጣል፤ አሲዱን ለማስወገድ የሚረዳ የፎሊክ አሲድ ዓይነት መድኃኒት ይታከላል፤ ሕመሙ ከጠና በኩላሊት እጥበት መሣሪያ መርዙ ከደም ይታጠባል።

ይህን ያነበበ አንድ ብልጥ "እንግዲያማ መድኃኒቱ አረቄ ከሆነ ጧት አንድ ሁለት መለኪያ ልድገም" ሊል ይችላል። እንዳይሞክረው! የሚደግመው ከዚያው ከተመረዘው ጀሪካን ሊሆን ይችላል። ከዚህም በላይ በሐኪም ቤት ኤታኖል የሚሰጠው በደም ውስጥ ያለው መጠን ለብዙ ሰዓት ሳይወርድ ሳይወጣ እየተጠበቀ፣ የስኳሩ መጠን እየታየ፣ አሲዱ ጎን ለጎን እየታከመ ነው። ቤት ውስጥ የሚደረገው ሙከራ ምልክቱን አዘግይቶ ሰውየውን ከሐኪም ያስቀረዋል። ወተት፣ ቡና፣ ሎሚ ወይም በጣት ማስመለስም መፍትሔ አይሆኑም። መፍትሔው አንድ ነው፤ በጊዜ ሐኪም ቤት መድረስ።

በጊዜ የሚለውን ቃል አስምሩበት። አንኮበር ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃሉ። በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በተቀሰቀሰው ግጭት ሳቢያ መንገድ ተዘግቶ፣ በማታ መንቀሳቀስ የማይታሰብ ሆኖ ያደረበት ጊዜ እንደነበረ ተጓዥ ሁሉ ያውቃል። ዓይኑ የደበዘዘ ሰው "ነገ ይሻለው ይሆናል" ተብሎ ቢያድር ያ አንድ ሌሊት የዓይኑ ዋጋ ሊሆን ይችላል።

ሌላም ችግር አለ። በደም ውስጥ ያለን ሜታኖል በቀጥታ የሚለካው መሣሪያ በየሆስፒታሉ የሚገኝ ዓይነት አይደለም። ሐኪሙ የሚፈርደው በደሙ አሲድነትና ሕመምተኛው በሚነግረው ታሪክ ነው። ታሪኩን የሚያውቀው ማን ነው? ባለ አረቄ ቤቱ ነው። አከፋፋዩ ነው። አንድ ሰው ራሱን ስቶ ደብረ ብርሃን ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ቢደርስና አብሮት የመጣው ሰው "ወባ ይሆናል" ቢል የሚባክነው ሰዓት የሰው ነፍስ ነው። ከዚያ ይልቅ "ትናንት ማታ ከዚህ ጀሪካን ጠጥቷል፤ ሌሎች ሦስት ሰዎችም ዓይናችን ደበዘዘ ብለዋል" ብሎ ናሙናውን ይዞ የመጣ ነጋዴ ከላቦራቶሪ የሚበልጥ ሥራ ሠራ። የነጋዴው ቃል ራሱ ምርመራ ነው።

ይሁንና ነጋዴው ይናገራል ወይ? እዚህ ላይ ራሳችንን አንደልል። ደንበኛው የታመመበት ነጋዴ መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ንግድ ፈቃዱ፣ ስለ እስሩና ስለ ዕቃው መወረስ ነው። ስለዚህ የቀረውን ይደፋዋል፤ ወይም የባሰው ደግሞ በቅናሽ ለሌላ ይሸጠዋል። አንዱ ጀሪካን ሁለት ሰፈር የሚገድለው በዚህ መንገድ ነው። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" የሚለው ተረት ለገበያም ይሠራል።

የውጭውን ዓለም ልምድ ብናይ ትምህርቱ ብዙ ነው። ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2000 ኅዳር ወር ናይሮቢ ውስጥ ከ120 በላይ ሰዎች የሞቱበትን፣ ሌሎችም የታወሩበትን አደጋ አይታለች። መጠጡ "ኩሚ ኩሚ" ይባል ነበር፤ አሥር አሥር ማለት ነው፤ ስሙን ያገኘው ከርካሽ ዋጋው ነው። በዚያን ጊዜ የአገሪቱ የቤት አረቄ በሕግ የተከለከለ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ክልከላው ተነሣ፤ ሆኖም በ2014 በልዩ ልዩ አውራጃዎች እንደገና በርካታ ሰዎች ሞቱ። ከዚህ የምንረዳው መከልከል ብቻውን መጠጡን ወደ ጨለማ እንደሚገፋው፣ መፍቀድ ብቻውንም መርዙን እንደማያወጣው ነው።

በኢራን እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና ሲገባ "አልኮል ቫይረሱን ይገድላል" የሚል ወሬ ተነዝቶ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በሜታኖል አለቁ። በዚያች አገር የፋብሪካ ሜታኖል እንዲታወቅ ቀለም ይነከራል፤ አጭበርባሪዎቹ ግን ቀለሙን በበረኪና አጥፍተው ሸጡት። በኅዳር 2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ በላኦስ ቫንግ ቪየንግ በተባለች የቱሪስት ከተማ ስድስት የውጭ አገር ጎብኚዎች ሞቱ። የከተማዋ ስም በአንድ ሳምንት ውስጥ በዓለም ጋዜጦች ላይ ከመርዝ ጋር ተያይዞ ወጣ።

ለነጋዴ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ከቼክ ሪፐብሊክ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2012 በሜታኖል ሰዎች መሞት ሲጀምሩ መንግሥት ከ20 በመቶ በላይ አልኮል ያለውን መጠጥ በሙሉ በመላ አገሪቱ እንዳይሸጥ አገደ። የታገደው የአጭበርባሪው ጠርሙስ ብቻ አልነበረም፤ ለብዙ ዘመን በክብር የሠሩ ፋብሪካዎች ምርትም አብሮ ከመደርደሪያ ወረደ፤ ወደ ውጭ መላኩም ቆመ። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ገበያው ሲከፈት አዲስ ደንብ ወጣ፤ መጠጡ ከየት እንደመጣ የሚያስረዳ የምስክር ወረቀት የሌለው ዕቃ አይሸጥም። ብዙ ሰዎች ከሞቱ በኋላ የተገኘችው መፍትሔ አንዲት ወረቀት ነበረች።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በኢኮኖሚክስ እ.ኤ.አ. በ1970 ጆርጅ አከርሎፍ የጻፉት ስለ አሮጌ መኪና ገበያ የሚያወራ አንድ ዝነኛ ጽሑፍ አለ፤ ኋላም የኖቤል ሽልማት ካስገኙላቸው ሥራዎች አንዱ ሆኗል። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ገዢው ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ለሁሉም የሚከፍለው መካከለኛ ዋጋ ይሆናል፤ በዚያ ዋጋ ጥሩው ሻጭ ይከስራል፣ መጥፎው ያተርፋል፤ በመጨረሻ ገበያው ለመጥፎው ይቀራል። የእኛ የአረቄ ገበያ ከዚህ የራቀ አይደለም። ደብረ ብርሃን ውስጥ የሚጠመቀው የሐበሻም ሆነ የዳሸን ቢራ ጠርሙሱ ላይ የተመረተበት ቀን አለ፤ ችግር ቢፈጠር የትኛው ምርት እንደሆነ ይታወቃል። ጀሪካኑ ላይ ግን የዘይት ፋብሪካ ስም ካልሆነ በቀር ምንም የለም። ሁለት ጊዜ ተጣርቶ ከ45 በመቶ አካባቢ የሚደርሰውን ዳግም አረቄ በላቧ ያወጣች እናትና ቲነር ያቀላቀለ አጭበርባሪ በአንድ ዓይነት ጀሪካን፣ በአንድ መኪና ጭነት አብረው ይሄዳሉ።

ስለዚህ በበኩሌ አራት ነገር እላለሁ።

አንደኛ፣ የአረቄ አከፋፋዮች ራሳቸው፣ መንግሥትን ሳይጠብቁ፣ ጀሪካኑን በማኅተም ይዝጉ፤ የአውጪዋን ስም፣ ቀበሌዋንና የወጣበትን ቀን የያዘ ቁራጭ ወረቀት ይንጠልጠልበት። ሸክሙ በደሃዋ እናት ላይ እንዳይወድቅ ወጪውን የሚችለው ጅምላ ገዢው ይሁን። "ዋጋ ይጨምራል" ለሚሉ መልሴ፣ አንድ ቁራጭ ወረቀት ከአንድ ቀን እገዳ ይረክሳል ነው።

ሁለተኛ፣ ሜታኖልና ሜታኖል ያለባቸውን ኬሚካሎች የሚያስመጡና የሚቸረችሩ ነጋዴዎች ለማን፣ ስንት ሊትር፣ ለምን ሥራ እንደሸጡ መዝገብ ይያዙ። ቀለም መንከሩም ጥሩ ነው፤ ኢራን ግን ቀለም ብቻውን እንደማይበቃ አሳይታናለች። መዝገብ በበረኪና አይጠፋም።

ሦስተኛ፣ የደብረ ብርሃን ነጋዴዎች ከዞኑ ጤና መምሪያና ከሆስፒታሉ ጋር ተመካክረው ለመድኃኒትነት የተዘጋጀ ኤታኖልና ባይካርቦኔት፣ አቅም ከፈቀደም ፎሜፒዞል፣ ሁልጊዜ በመጋዘን መኖሩን ያረጋግጡ። ለሠርግና ለበዓል መዋጮ የማይሰስት ነጋዴ ለዚህ አይሰስትም ብዬ አምናለሁ። መድኃኒቱ በአደጋው ቀን ከአዲስ አበባ ይመጣል ብሎ መጠበቅ ከነጋዴ አይጠበቅም፤ ዕቃ በሌለበት ቀን ገዢ ሲመጣ ምን እንደሚሆን ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ የለምና።

አራተኛውና ከሁሉ የሚከብደው፣ ደንበኛው እንደታመመ አውቆ በራሱ ፈቃድ፣ በሰዓታት ውስጥ ጀሪካኑን ይዞ ለጤና ባለሙያ ያስታወቀ ቸርቻሪ ከቀላቃዩ ጋር እኩል እንዳይቀጣ ግልጽ ደንብ ይውጣ። ብዙ ሰው ይህን "ለወንጀለኛ ምሕረት" ይለው ይሆናል። እኔ ግን እንደ ግዢ አየዋለሁ። የምንገዛው መረጃ ነው፤ መረጃው የሚያተርፈውም የሰው ዓይንና ነፍስ ነው። ቸርቻሪው በአብዛኛው ራሱም የተታለለ ገዢ ነው። አውቆ የቀላቀለውን ሕጉ እንደ ጥፋቱ ይያዘው፤ ለመናገር የመጣውን ግን በሩን አይዝጋበት።

እስከዚያው ድረስ ይህን ገጽ ያነበበ ነጋዴ ሁሉ ነገ ጧት ሊያደርገው የሚችለው ነገር አለ። ከማያውቁት ሰው፣ ከገበያው ዋጋ እጅግ ወርዶ የቀረበ አረቄ አይግዙ፤ ዋጋው ያለ ምክንያት የወረደበት ዕቃ ምክንያቱ ውስጡ ነው። ከእያንዳንዱ ጀሪካን ጥቂት በጠርሙስ ቀድተው፣ ቀኑንና የሻጩን ስም ጽፈው ለሳምንት ያህል ያስቀምጡ። ደንበኛዎ በማግስቱ "ዓይኔ ጉም ለበሰ" ካለዎት አያስተኙት፤ ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት፤ ራሱን ከሳተ በጎኑ አጋድመው ትንፋሹን ይጠብቁ። ከዚያው ጀሪካን የጠጡትን ሁሉ፣ ምንም ያልተሰማቸውንም ጭምር፣ ፈልገው ያስጠሩ። ጠርሙሱን ለሐኪሙ ያሳዩ፤ "ሜታኖል ይሆናል ብዬ እሰጋለሁ" የሚለውን ቃል በአፍዎ ይናገሩ።

የአልዩ አምባ ነጋዴ በጠገራ ብሩ ላይ ዕንቁ ሲቆጥር ጊዜ አባከነ የሚለው አልነበረም። የሚቆጥረው ዕንቁ ስለነበረው ገበያው ተማምኖ ኖረ። የደብረ ብርሃን አረቄ ስምም የአንድ ሰው ሀብት አይደለም፤ ብዙ እናቶች በጭስ ዓይናቸውን እያለቀሱ የሠሩት የጋራ ሀብት ነው። ያን ስም አንድ ቀላቃይ በአራት ሊትር ሊያቃጥለው ይችላል። ጀሪካኑ ላይ የምንቆጥረው ምልክት ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ እናብጅለት።